ስለ ግብረ ሥጋ ትምህርት አጀማመር፤ የኪንሴይ ጥናት ለጀማሪ ሲቀርብ

በዚህ ዓመት ከኮሌጃችን የተውጣጣን ጥቂት ተማሪዎች በኢንተርኔት የሚሰጠውን ስለ ሰው ልጅ የግብረ ሥጋ ጠባይ የሚያስተምረውን ኮርስ ጀምረን ነበር። ይህ ጽሑፋችን የሚመረምረው የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ ነው። በሌላ ትምህርት የመጀመሪያው ሳምንት እንደ መግቢያ ተቈጥሮ ይታለፋል፤ በዚህኛው ግን ተማሪው ወይ ሐፍረቱን ትቶ መጠየቅ ይጀምራል፥ ወይም ፈተናውን ለማለፍ ያህል እያነበበ ዝም ብሎ ይቀራል። (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

የሳምንቱ ንባብ አሜሪካዊው አልፍሬድ ኪንሴይ ከረዳቶቹ ጋር በ1948 ስለ ወንዶች፥ በ1953 ስለ ሴቶች ያሳተማቸውን ሁለት መጻሕፍት በአጭሩ ያስተዋውቃል። ቀጥሎ ዐሥር ጥያቄዎች ይመጣሉ። ስንት ወንዶች ተጠየቁ? ወደ 5,300። ስንት ሴቶች? 5,940። ሰው ወደ ተቃራኒው ጾታ ወይም ወደ ራሱ ጾታ ያለውን ዝንባሌ የሚያሳየው መለኪያ ከስንት እስከ ስንት ነው? ከ0 እስከ 6። ዐሥሩንም መልሰን ሙሉ ነጥብ አገኘን፤ ነገር ግን ኮርሱ ከጥናቱ ውስጥ የመረጠልን ደካማውን ክፍል ነው እንላለን።

ቍጥሮቹ የተሰበሰቡት ከነጮች አሜሪካውያን ነው፤ ያውም በዕጣ ከተመረጡ ሰዎች ሳይሆን በአብዛኛው በፈቃዳቸው ከቀረቡት፤ በወንዶቹም መካከል ብዙ እስረኞች ነበሩ። ኮክራን፥ ሞስተለርና ቱኪ የተባሉ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት በ1954 ባወጡት ምርመራ ይህን ጕድለት በግልጽ አሳይተዋል፤ ሥራው ከርሱ በፊት ከነበሩት ጥናቶች የተሻለ መሆኑን ግን አልካዱም። ኮርሱ ስለዚህ ምርመራ አንድ ቃል እንኳ አይናገርም። በአርእስቱ «የሰው ልጅ» ብሎ እኛንም ይጨምረናል፤ ከጎጃም ወይም ከሐረር ግን ማንም አልተጠየቀም።

የጥናቱ ጠንካራ ክፍል አጠያየቁ ነው። ኪንሴይ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ መምህር ሆኖ፥ በዛፍ ላይ እባጭ የምታበቅለውን ጥቃቅን ተርብ በብዙ ሺህ እየሰበሰበ ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። በ1938 ስለ ጋብቻ የሚሰጠውን ኮርስ መምራት ጀመረ። ተማሪዎቹ ለሚያመጡለት ጥያቄ ከመጻሕፍት በቂ መልስ ስላጣ እነርሱኑ መልሶ ይጠይቃቸው ጀመር። በ1940 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ኸርማን ዌልስ ከኮርሱና ከጥናቱ አንዱን እንዲመርጥ ባዘዙት ጊዜ ኮርሱን ተወ። (እንግዲህ በእንዲህ ያለ ኮርስ መክፈቻ ላይ የሚነበበው መጽሐፍ የተጻፈው ኮርሱን በተወ መምህር ነው።)

ኪንሴይ «ይህን አድርገሃል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም ነበር፤ «ይህን መጀመሪያ ያደረግኸው መቼ ነው?» ይል ነበር እንጂ። ምክንያቱም ለፊተኛው ጥያቄ «የለም» ማለት ይቀላል። መልሱን በምስጢር ምልክት ይመዘግባል፤ የምልክቱም መፍቻ በጽሑፍ ሳይሆን በጠያቂዎቹ አእምሮ ይያዝ ነበር። እርግጥ ይህ አጠያየቅ ያላደረገውን ሰው አደረግሁ ሊያሰኘው ይችላል፤ ይህም ሊመረመር የሚገባው ነው። ከዚህ የከፋውም አለ። ሳይፈርዱ መስማት ተገቢ ከሆነበት ወሰን አልፎ፥ በ1948ቱ መጽሐፍ ውስጥ በሕፃናት ላይ ወንጀል ከሠራ ሰው የተገኘ ማስታወሻ እንደ ሳይንስ ማስረጃ በሠንጠረዥ ቀርቧል። ይህን ለጀማሪ ተማሪ ሳይነግሩ መጽሐፉን ማመስገን ትልቅ ጥፋት ነው።

ስለ አጠያየቅ ቢነገረን ኖሮ በርግጥ ይጠቅመን ነበር። ሁለተኛ ደረጃ የተማርን ጊዜ የባዮሎጂው ትምህርት ስለ አበባ ወንዴና ሴቴ በሰፊው ከተናገረ በኋላ የሰው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ «በቤታችሁ አንብቡት» ተብሎ ታለፈ። ያነበበው ሁሉ የሚጠይቅበት ቃል አጣ። «ሩካቤ» ብንል የቤተ ክርስቲያን ነው፤ «ወሲብ» ጋዜጣ ላይ ቢለመድም በእናት ፊት አይነገርም፤ የቀረው የመንገድ ስድብ ነው።

ስለዚህ ከዐሥሩ ጥያቄዎች ይልቅ አንዱን የኪንሴይ ጥያቄ በአማርኛ ለመጠየቅ እርስ በርሳችን ሞከርን። በእንግሊዝኛው ወንዱም ሴቲቱም፥ ታላቁም ታናሹም በአንድ ቃል ይጠራሉ፤ በአማርኛ ግን ጠያቂው ገና አፉን ሳይከፍት «አንተ» ወይም «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ብሎ መምረጥ አለበት። «መቼ ጀመርህ?» ሲባል የፖሊስ ጥያቄ መሰለ። «መቼ ጀመሩ?» ሲባል ደግሞ ሐኪም ቤት የገባን መሰለንና ሕመማችንን ልንናገር ቃጣን። በመጨረሻ አንዱ ጓደኛችን ማንንም ሳይጠራ «ሰው ይህን ነገር መቼ ይጀምራል?» ቢል ሁላችንም ያለ ማፈር መለስን፤ የመለስነው ግን ስለ ጎረቤት ልጆች ነበር።