ፋሲካ ለመቼ ነው?

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ ገበያ የሚወርዱ አንድ የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ቆጠራ፣ መምህር አሉ። በቅርቡ አንድ ጀማሪ ተማሪ፣ «የኔታ፣ ትንሣኤ ግዕዝ ከሆነ ፋሲካ ከየት መጣ?» አላቸው። ልጁ አጭር መልስ ጠብቆ ነበር፤ እሳቸው ግን ይህን ወሬ አንዴ ከጀመሩ አያቆሙም።

ፋሲካ ከግሪኩ «ፓስኻ» የመጣ ነው፤ ግሪኩም እስራኤል ከግብፅ የወጡበትን መታሰቢያ በዓል ስም ከዕብራውያን ተውሶ ነው። በቃሉ ውስጥ መነሣት የሚባል ነገር የለም። ለመነሣት የግሪኩ ቃል «አናስታሲስ» ነው። ግሪኮች በኢየሩሳሌም የክርስቶስ መቃብር ያለበትን ቤተ ክርስቲያን የሚጠሩትም በዚሁ ስም ነው፤ የዴር ሡልጣን መነኮሳታችን የሚኖሩት በዚያው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው። ግዕዝ ግን ትንሣኤን ከራሱ ግስ አወጣ፤ ዲያቆኑ በቅዳሴ «ተንሥኡ» ከሚልበት ግስ።

«ስለዚህ ገበያተኛው ፋሲካ ይበል፤ ቆጣሪ ግን ትንሣኤ ይበል» ይላሉ መምህሩ። የሙያ ባልደረቦቻቸው ክርክሩ ከንቱ ነው ቢሏቸውም አይሰሙም። ከስልክ ቀን መቁጠሪያ ጋርማ ጭራሽ አይስማሙም። በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ እየዳሰሱ የ2018ን መጥቅዕ፣ የቆጠራውን መነሻ ቁጥር፣ 18 ላይ ያደርሳሉ። መስከረም 18 እሑድ ነውና የእሑድን ተውሳክ፣ ማለትም ተጨማሪ ቁጥር፣ 7 ይጨምራሉ፤ የነነዌ ጾም ጥር 25። የትንሣኤን ተውሳክ 9 ደምረው 30 ሲገድፉ፣ ሚያዝያ 4።

በአሊዩ አምባ ይህ ቁጥር ለሙስሊሙ ነጋዴም ጉዳዩ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 ሲቀመጥባት ከተማዋ ከታጁራ በአፋር በረሃ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ማረፊያ ነበረች፤ ገበያዋም ዓርብ ይቆም ነበር። መምህሩ ይህችን ነገር ይወዷታል። ስቅለት መቼም ከዓርብ አይወጣምና በዚያ ዘመን ቀኑን አስቀድሞ ያልጠየቀ በግ ሻጭ፣ ክርስቲያን ደንበኛው ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ይውልበት ነበር።

ሒሳቡን የለመዱት በቆሎ ተማሪነታቸው፣ ያለ መጽሐፍ፣ በቃል ነው። ድምፃቸው ለማሕሌት ከደከመ ወዲህ ሰው መንገድ ላይ የሚያስቆማቸው «መሪጌታ፣ ፋሲካ ለመቼ ነው?» ለማለት ነው። ቀኑን ይነግሩታል፤ «ትንሣኤ በል» ብለው ማረማቸው ግን አይቀርም።

የ2019 መጥቅዕ 7 ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ከመስከረም ወደ ጥቅምት ያልፋል፤ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ይውላል፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው። አንባቢ ሆይ፣ ስልክዎን ሳይከፍቱ በጣትዎ ይሞክሩት፤ ሚያዝያ 24 ካልመጣልዎ እንደገና ይቁጠሩ።