ምስቅልቅል፦ የአንድ ቃል አሠራር

«ምስቅልቅል» በስድስት ፊደል ይጻፋል። ስድስቱም ሳድስ ናቸው። ቀስ ብላችሁ ስታነቡት ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ምስ፣ ቅል፣ ቅል። በእያንዳንዱ ክፍል የፊተኛው ፊደል ከአናባቢ ጋር ይነበባል፣ የኋለኛው አናባቢ ሳይኖረው ይዘጋዋል።

መነሻው አራት ተነባቢ ነው፤ ም፣ ስ፣ ቅ፣ ል። ቅጽሉ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ይደግማል። ግሡ ግን በሌላ በኩል ይሄዳል። «ተመሰቃቀለ» ሲባል የተደገመችው ቅ ብቻ ናት፤ አንዴ በራብዕ «ቃ»፣ አንዴ በግእዝ «ቀ»። «ሰበረ»ም «ሰባበረ»ንና «ስብርብር»ን የሚያወጣው በዚሁ ሥርዓት ነው። ለእኔ ግሡ ደጋግሞ የተሠራውን ይነግረኛል፣ ቅጽሉ ከዚያ በኋላ ወለል ላይ የቀረውን።

ድብልቅልቅ፣ ዝብርቅርቅና ትርምስምስም በዚሁ ልክ የተቀረጹ ናቸው፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። ትርምስምስ እንቅስቃሴ ይፈልጋል፣ የገበያ ሰው ዓይነት። ዝብርቅርቅ ለቀለምና ለንግግር ይሆናል። ድብልቅልቅ ጠብም ድግስም ያውቃል፤ «ድብልቅልቅ ያለ ሠርግ» ሲባል ደጋሹ ደስ ይለዋል። ሠርግን ምስቅልቅል ብሎ ያመሰገነ ግን አልሰማሁም።

ምክንያቱ ይመስለኛል፣ ምስቅልቅል አስቀድሞ ሥርዓት ይጠይቃል። የድንጋይ ክምር ምስቅልቅል አይባልም። ሸሚዙ ከሸሚዝ፣ ሰነዱ ከሰነድ ጋር የተቀመጠበት ቁምሣጥን ሲበረበር ግን «ምስቅልቅሉ ወጣ» ይባላል። እዚህ ላይ የቃሉን መጨረሻ ተመልከቱ፤ የመጨረሻዋ ል ብቻ ተነክታ «ሉ» ሆነች፣ የቀሩት አምስቱ እንዳሉ ናቸው። ለቤት «ምስቅልቅሉ»፣ ለአገር «ምስቅልቅሏ»፣ ለብዙዎች «ምስቅልቅላቸው»። ልጆች ቤቱን «ምስቅልቅሉን ያወጡታል»።

ቃሉ ትልቁንም ይሸከማል። በ1966 አብዮቱ ፈነዳ፤ በ1967 የገጠር መሬትና ትርፍ የከተማ ቤት በአዋጅ ከባለቤቶቻቸው ተወሰዱ። ባለርስትና ጭሰኛ፣ አከራይና ተከራይ የነበሩበት ቦታ ተናጋ። ያንን ዘመን ምስቅልቅል ማለት ልክ ነው፤ የፈረሰው የታወቀ ሥርዓት ነበርና።

ዛሬ በዜና ማንኛውም ችግር «ምስቅልቅል» እየተባለ ነው። የታክሲ ሰልፍ ግፊያን ትርምስ በሉት፤ ይበቃዋል። ምስቅልቅልን ቦታ ኖሮት ቦታውን ላጣ ነገር አቆዩለት።