መመለስ በ«ጤዛ» ፊልም ሲመረመር

ሲኒማ ራስ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሠሩት የአዲስ አበባ ፊልም ቤቶች አንዱ ነው። ወራሪው የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ ባዛወረበት ዘመን የተተከለ፣ ኋላም ራስ ቴአትር ተብሎ የተውኔት መድረክ የሆነ፣ ስሙም እስከ ዛሬ በታክሲ ረዳት አፍ የሠፈር መጠሪያ ሆኖ የሚኖር ቤት ነው። የመርካቶ ባለሱቅ፣ ተሸካሚና ተማሪ ተጋፍቶ ፊልም ያየው እዚህ ሲሆን፣ ካየውም ሁሉ ከልቡ የገባው የሕንድ ፊልም ነበር። ቋንቋውን ባይሰማም ታሪኩን አይስተውም። ልጅ ከእናቱ ይለያል፤ ዘመን ያልፋል፤ እናት በስተመጨረሻ ልጅዋን በጠባሳው ወይም በልጅነት ዜማው ትለየዋለች፤ ይተቃቀፋሉ፤ የአዳራሹ መብራት ይበራል። በዚህ ዓይነቱ ፊልም መመለስ የታሪኩ መጨረሻ ነው። በማግሥቱ ጧት እናትና ልጅ ምን እንደሚነጋገሩ የሚጠይቅ ተመልካች የለም።

ከዚያው ብዙ ሳይርቅ አውቶቡስ ተራ ይገኛል። ዘመኑን በውጭ አገር የገፋ ሰው ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጎጃም የትውልድ ቀዬው ሲያመራ ለብዙ ዓመታት ሻንጣውን የጫነው ከዚህ ነው። የፊልም ቤቱ ታሪክ በሚያበቃበት ላይ የእርሱ ታሪክ ገና ይጀምራል። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ጽፈው ያዘጋጁት «ጤዛ» የዚህን ሁለተኛ ሰው ታሪክ ይዞ የተነሣ ፊልም ነው። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ በሚካሄደው በፌስፓኮ ታላቁን የወርቅ ፈረስ ሽልማት አግኝቷል። ስለ ሽልማቱ ብዙ ተነግሯል። ፊልሙ ስለ መመለስ የሚለው ነገር ግን ከሽልማቱ ይልቅ መነጋገሪያ ሊሆን ይገባው ነበር።

ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር በጀርመን አገር ሕክምና የተማረ የገጠር ልጅ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ሰው የሚመለሰው ሁለት ጊዜ መሆኑ ነው። መጀመሪያ በደርግ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ዕውቀቱን ይዞ፣ ወገኑን ከበሽታ ለመታደግ ቆርጦ ነው። በውጭ አገር የተማሪዎች ስብሰባ ላይ ሲከራከር ያመሸ የዚያ ትውልድ ወጣት ሁሉ «ልመለስ ወይስ ልቅር?» ብሎ ብዙም አልተጨነቀም፤ መመለስን እንደ ዕዳ ቆጥሮት ነበርና። አንበርብርን የተቀበለው ግን ካድሬና ስብሰባ፣ በመጨረሻም የልብ ወዳጁ የተስፋዬ አሰቃቂ ሞት ነው። ሁለተኛው መመለስ ሥርዓቱ ሊወድቅ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው፣ በ1982 ዓ.ም. ገደማ ይሆናል። በዚህን ጊዜ አንበርብር በምሥራቅ ጀርመን በዘረኞች ተደብድቦ አንድ እግሩን አጥቷል፤ ትዝታውም ተቆራርጦበታል። ለአገሩ የሚያቀርበው ዕቅድ የለውም። የሚሄደውም ወደ እናቱ ጎጆ ነው። መጀመሪያ የተመለሰው ወደ ሐሳብ ነበር፤ ኋላ የተመለሰው ወደ ሰው ነው። «ጤዛ» ከፍ ያለ ሥራ የሚሆነው ሁለቱን ሳያደባልቅ በማሳየቱ ነው።

ቤት መግባቱ ታዲያ ጥያቄውን አይዘጋውም። እናት ልጅዋ መንፈስ እንደ ተጠናወተው ጠርጥራ ጠበል ታስጠምቀዋለች። የመንደሩ ሰው ተምሮ የመጣው ሐኪም አንድ ነገር እንዲያደርግለት ይጠብቃል፤ ሰውዬው ግን ራሱን ማዳን አልቻለም። በዚሁ መካከል የጦር መልማዮች ይመጣሉ፤ ለግዳጅ የሚፈለጉት ልጆች በዋሻ ይሸሸጋሉ። ከስደት ተመለስኩ ብሎ የመጣው ሰው በገዛ ቀያቸው የተሰደዱ ልጆች ያገኛል። ይህ ክፍል ከፊልሙ ሁሉ የላቀው ነው። ብዙ ንግግር የለበትም፤ ማንም ማንንም አያስተምርም። ለመመለስ የወሰነ ሰው «አገሬ» ያለው ሥፍራ በራሱ ከባለቤቶቹ እግር ሥር እየሸሸ መሆኑን ተመልካቹ በዓይኑ ያያል።

ጉዳዩ ለሥነ ጽሑፋችን እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» አወቀ የተባለው ወጣት ፓሪስ ተምሮ ወደ ተጉለት ይመለሳል፤ በለቅሶና በሠርግ ልማድም ከዘመዱ ጋር ይጋጫል። አወቀ ግን ምን መደረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ስሙም ይህንኑ ይናገራል። የሚያስቸግረው ሰውን ማሳመን ብቻ ነው። ከእርሱ እስከ አንበርብር ድረስ ባለው ግማሽ ምዕት ዓመት ውስጥ ተመላሹ ያጣው ይህን እርግጠኝነት ነው። አወቀ መልስ ይዞ መጣ፤ አንበርብር ጥያቄ ይዞ መጥቶ የመንደሩ ሰው ሌላ ጥያቄ ጨመረበት።

ቅርጹም ይዘቱን ተከትሏል። ታሪኩ በተርታ አይነገርም። የአሁኑ በትናንቱ እየተቋረጠ፣ ጀርመን በጣና ዳር እየገባ፣ ጣሊያን የወጋው የአባት ትዝታ ከልጁ ቁስል ጋር እየተላተመ ይሄዳል። ይህ ለመራቀቅ ሲባል የተደረገ አይመስልም። የሰውዬው አእምሮ እንደዚያው ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ፊልም በመሆኑ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ በሕንድ ፊልም የሠለጠነው የሲኒማ ራስ ተመልካች ትዕግሥት አያጣም ነበር፤ ዘፈን ብቻ ይናፍቀው ይሆናል።

ጉድለቱ አይሸሸግም። በጀርመን አገር የተማሪዎቹ ክርክር ብዙ ጊዜ ከሰው አፍ የሚወጣ ሳይሆን ከበራሪ ወረቀት የሚነበብ ይመስላል። ደራሲው ዘመኑን ስለሚያውቁት ሁሉንም ሊነግሩን ፈልገዋል፤ በዚህም የተነሣ ገጸ ባሕርያቱ የአቋም መግለጫ የሚሆኑበት ሰዓት አለ። ከዚህ የሚከፋው የፍጻሜው ነገር ነው። አንበርብር የመንደሩን ልጆች ሊያስተምር ይነሣል፤ ማኅበረሰቡ የገፋት አዛኑም ትወልዳለች። ሥራም ልጅም ተገኘ ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ መመለስ መጨረሻ አይደለም ሲል የቆየው ፊልም በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች መብራቱን ለማብራት ይቸኩላል። እናቲቱም በዚሁ ችኮላ ትጎዳለች። ለዓመታት የጠበቀች፣ የተገፋችውን አዛኑን በቤቷ ያስጠጋች ሴት ናት፤ መጠበቅ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ፊልሙ ግን የልጇን ትዝታ እንጂ የእርሷን ከፍቶ አላሳየም።

አዘጋጁ ራሳቸው በ1960 ዓ.ም. ገደማ ወደ አሜሪካ ሄደው በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩ ናቸው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን፣ «አድዋ»ን፣ «ጤዛ»ንም ለመሥራት ካሜራ ይዘው ወደ አገራቸው ተመላልሰዋል። ይህ አያስወቅሳቸውም። እንዲያውም የፊልሙ ጭንቀት የውሸት ያልመሰለው ባለቤቱ ጥያቄውን ጨርሶ የመለሰ ሰው ስላልሆነ ይመስላል።

ከአንበርብር ዘመን ወዲህ ጉዳዩ የወረቀት መልክም አግኝቷል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የሌላ አገር ዜግነት ለያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛና ያለ ሥራ ፈቃድ ገብቶ የመኖርና የመሥራት መብት ሰጥቷል፤ የመምረጥና የመመረጥ መብትን ግን አልጨመረም። ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው ግማሹን ገብቶ ግማሹን ውጭ ሊተው ይችላል። አንበርብር እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበረውም፤ ስለዚህም ውሳኔው ጠልቆ ይታያል።

ምርጫ የሌላቸው ተመላሾች ደግሞ በአንበርብር አላበቁም። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተባረው ተመልሰዋል። ከነዚህ ብዙዎቹ አንበርብር የተማረውን አልተማሩም፤ በስብሰባ አዳራሽም አልተከራከሩም። ልመለስ ወይስ ልቅር ብሎ ማሰላሰል ራሱ ለእነርሱ የማይደረስበት ቅንጦት ነበር። ጓዛቸውን ይዘው ወደየመንደራቸው አውቶቡስ ሲሳፈሩ በዓይነ ኅሊናቸው ምን እንደሚመላለስ የሚያሳይ፣ በስፋቱም በጥልቀቱም «ጤዛ»ን የሚያህል ፊልም ገና አልተሠራም።