ሦስት በሃያ ሰባት

የኑግ ዘይት ከሜታኖልና ከጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ጋር ሞቅ ተደርጎ ሲማሰል ቆይቶ ሲያርፍ ለሁለት ይከፈላል፤ ጠቆር ያለው ግሊሰሪን ከታች፣ ወርቅማው ባዮዲዝል ከላይ። ሲያዩት ያለቀ ይመስላል። ያልተለወጠ ዘይት ግን እላይኛው ውስጥ ተሟሙቶ ሊደበቅ ይችላል።

የማደንቀው ይህን የሚያጋልጠውን ፍተሻ ነው። 3 ሚሊ ሊትር ናሙና ብልቃጥ ውስጥ ባለ 27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ላይ ይጨመርና ይናጣል። ባዮዲዝሉ ይሟሟል፤ ዘይቱ እምቢ ብሎ ከሥር ይዘቅጣል። ፈሳሹ ጥርት ካለ አልፏል። የአውሮፓ መስፈርት የሚጠይቀውን 96.5 በመቶ ኤስተር (ማለትም ባዮዲዝሉ ራሱ) ለማረጋገጥ ጋዝ ክሮማቶግራፊ የግድ ነው፤ ለዕለት ሥራ ግን ይህች ብልቃጥ ትበቃለች።

ከእንጦጦ ግርጌ፣ የካ ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ይበልጥ ታስፈልጋለች። አየሩ ሳሳ ስለሚል ሜታኖል የሚፈላው እንደ ባሕር ጠለሉ በ65 ሳይሆን በ57 ዲግሪ ገደማ ነው። መጽሐፉ ባለው መሠረት ክፍት ዕቃ ውስጥ 60 ዲግሪ ላድርስ ያለ ሰው ሜታኖሉን በእንፋሎት ያጣዋል (እንፋሎቱ መርዝ ነው)፤ ዘይቱም ሳይለወጥ ይቀራል። ብልቃጧ ወዲያው ታሳብቅበታለች።

የምትሸነፈው በጉሎ ነው። የጉሎ ዘይት ጥሬውም በአልኮል ስለሚሟሟ ምንም ሳይለወጥ ፍተሻውን በኩራት ያልፋል። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የባዮፊውል ስትራቴጂያችን ተስፋ ከጣለባቸው ዘሮች አንዱ ይኸው ጉሎ መሆኑ ያስቀኛል። ለእሱ ሲሊካ የተቀባ ሳህን ይሻላል፤ ኤስተሩና ዘይቱ በየራሳቸው ከፍታ ይቆማሉ።