ስድስተኛዋ ጥይት

እ.ኤ.አ. በ1873 የወጣው የኮልት ሽጉጥ ባለ ስድስት ጎራሽ ቢሆንም፣ ጠባዩን የሚያውቅ ሰው አምስት ብቻ ነበር የሚያጎርሰው። መዶሻው የሚተኛበት ጉድጓድ ባዶውን ያድራል። መዶሻው ጫፍ ላይ ያለችው መርፌ የምታርፈው የጥይቱን ቂጥ ተደግፋ ስለሆነ፣ ሽጉጡ ወድቆ መዶሻው ድንጋይ ካገኘው ምላጩን ማንም ሳይነካው ይተኩሳል። መርፌዋን ገታ አድርጋ የምትይዝ የጥንቃቄ ጥርስ ነበረችው፤ ነገር ግን ጥርሷ ቀጭን ናት፣ ትሰበራለች።

ዊልያም ሩገር በ1949 አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ውስጥ ሳውዝፖርት ላይ የጦር መሣሪያ ኩባንያውን አቋቁሞ በ1953 ይህንኑ የድሮ ቅርጽ ሲያድሰው፣ በቀላሉ የሚሰበረውን ዝርግ ሞላ አውጥቶ በጥቅል ሞላ ተካው። መልኩ አማረ፣ ዕድሜው ረዘመ። የአምስት ጥይት ሕግ ግን ከነችግሩ አብሮ ተወረሰ።

መፍትሔው በ1973 ከዚያው ኩባንያ መጣ፤ እኔም ዓይኔን የምጥለው እዚህች ብረት ላይ ነው። ከምላጩ ጋር የተያያዘች ቀጭን አቀባይ ብረት ናት። ምላጩ ሳይሳብ ታች ተደብቃ ትቀመጣለች፤ መዶሻውም ያረፈው የሽጉጡ አካል ላይ ነው፣ ፊቱ በደረጃ ስለተቀረጸ በአካሉ ውስጥ ወዳለችው መርፌ አይደርስም። ምላጩ ሲሳብ ብረቷ ሽቅብ ትወጣና በመዶሻውና በመርፌዋ መካከል ትገባለች። መዶሻው እሷን ይመታል፣ እሷ መርፌዋን። ጣት ከምላጩ ሲነሳ ተመልሳ ትወርዳለች። ስለዚህ ሽጉጡ ቢወድቅ፣ መዶሻውም ቢመታ፣ ምቱን ወደ ጥይቱ የሚያደርስ ነገር በመካከል የለም።

የእጅ ሥራው ያለው ልኩ ላይ ነው። ብረቷ ከልክ በላይ ከሳሳች መዶሻው አካሉ ላይ ቀድሞ ያርፍና ምቱ ይደክማል፤ ጥይቱም ላይፈነዳ ይችላል። ከወፈረች ደግሞ በመዶሻና በአካል መሀል ተቀርቅራ ትጎዳለች። የብረቷ ውፍረትና የመዶሻው ደረጃ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር መገጣጠም አለባቸው። (ሐሳቡ የሩገር ብቻ አይደለም፤ አይቨር ጆንሰን የተባለው የማሳቹሴትስ ፋብሪካ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ተመሳሳይ ብረት ያለው የኪስ ሽጉጥ ይሸጥ ነበር፤ በማስታወቂያውም የሽጉጡ መዶሻ በአናጢ መዶሻ ሲደበደብ ያሳይ ነበር።)

ከ1973 በፊት የተሸጡትስ? ኩባንያው ለነሱ የመጣው ዘግይቶ ነው። በአሮጌዎቹ የተጎዱ ሰዎች ከሰውታል፤ አንዱ ክርክር በ1979 እስከ አላስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ1982 ግን ኩባንያው አሮጌውን ሽጉጥ ለሚልክለት ሁሉ አቀባይ ብረት ያለበትን አዲስ ስልት በነፃ እገጥማለሁ አለ። ጊዜ ገደብ አላበጀለትም። መዘግየቱን አልክድለትም፤ ግን ሬሚንግተን የተባለውን ሌላ የጠመንጃ ኩባንያ አስቡ። የጠመንጃውን ምላጭ የነደፈው መሐንዲስ በ1948 የደኅንነት ማሻሻያ አቅርቦ ነበር፤ ወጪው ለአንድ ጠመንጃ አምስት ሳንቲም ተኩል። ኩባንያው አልተቀበለውም። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ስምምነት የተዘጋው ሰባ ዓመት ቆይቶ በ2018 ነው፤ ያኔም ቢሆን ጉድለት አለበት ብሎ አላመነም።

ሩገር ላይ የማልወደው ነገርም አለ። በኋላ የሠራቸው አፈሙዞች ላይ መመሪያውን ሳታነብ አትጠቀም የሚል ረዥም ጽሑፍ ቀርጾባቸዋል። የጠበቃ እጅ ነው እንጂ የአንጥረኛ አይደለም፤ የተወለወለ ብረት ላይ እንደ ጠባሳ ያስጠላል። የአሮጌው ሽጉጥ ወዳጆች ደግሞ ሌላ ቅሬታ አላቸው፤ መዶሻው ወደ ኋላ ሲሳብ ያሰማቸው የነበሩት አራት ጠቅታዎች ከአዲሱ ስልት ጋር ጠፍተዋል፣ የምላጩም ልስላሴ ቀንሷል ይላሉ። ብዙዎቹ ሽጉጣቸውን ሳይልኩ ቀርተዋል።

ለላኩት ግን ኩባንያው ሽጉጡን ሲመልስ የወጣውንም ብረት አብሮ ይመልሳል። አሮጌው መዶሻ፣ አሮጌው ምላጭ፣ ዕቃው የባለቤቱ ነውና አንዱም ሳይጣል፣ በከረጢት ተጠቅልሎ ከታደሰው ሽጉጥ ጎን ይደርሰዋል።