«ተፈጸመ» የሚለው ቃል ምን ይመሰክራል? የዘ ዊቸር 3 የተልእኮ መዝገብ በካርቱም ዐረብኛ እና በአማርኛ ሲነበብ

ዘ ዊቸር 3 ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ በተባለው የፖላንድ ድርጅት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 የወጣ፣ የአንድዤይ ሳፕኮቭስኪን ልብ ወለዶች መሠረት ያደረገ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ጌራልት የተባለውን፣ በክፍያ ጭራቅ የሚያድን ሰው እየመራ ሰፊ በሆነ የምናብ ዓለም ውስጥ እንደ ፈቃዱ ይዘዋወራል፤ በየደረሰበትም ተልእኮ ይቀበላል። ተልእኮዎቹ ዋና፣ የጎን፣ የአደን ውል እና የሀብት ፍለጋ እየተባሉ በአንድ መዝገብ ይሰፍራሉ። ብዙ ተጫዋቾች ዋናውን ታሪክ በመጨረስ አይወሰኑም፤ በመዝገቡ ያለውን ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ መፈጸምን ግብ ያደርጋሉ። ይህ ግብ ከትዕግሥት እና ከጊዜ ጥያቄ በፊት የቋንቋ ጥያቄ ነው፤ መዝገቡ አንድን ተልእኮ «ተፈጽሟል» ሲል በትክክል ምን ተከናወነ ማለቱ ነው? ጨዋታው በታሪኮቹ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የበሰለ መልስ አለው። መዝገቡ ግን ያንኑ መልስ ይሸፍነዋል። ሽፋኑ የሚገለጠው ደግሞ ጽሑፉ እንደ ዐረብኛ እና አማርኛ ባሉ ቋንቋዎች ሲነበብ ወይም ሊተረጎም ሲታሰብ ነው።

ካርቱም ለዚህ ንባብ የተለየ ቦታ ናት። ጨዋታው በዐረብኛ ጽሑፍ ቀርቧል፤ የዐረብኛ ድምፅ ግን የለውም። ስለዚህ ተጫዋቹ ድምፁን በእንግሊዝኛ ከመረጠ፣ ጆሮው እንግሊዝኛ ይሰማል፣ ዐይኑ መደበኛውን ዐረብኛ (ፉስሓ) ያነብባል፣ አጠገቡ ካለው ጓደኛው ጋር ደግሞ በሱዳን ዐረብኛ ይወያያል። ጨዋታው በወጣበት ዓመት ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ እስከ 2017 የዘለቀው የአሜሪካ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ገና አልተነሣም ነበር፤ ከካርቱም ሆኖ በካርድ ወደ ውጭ መክፈልም ቀላል አልነበረም። ጽሑፉ በዐረብኛ ለአንባቢው ተዘጋጅቶለት መግዣው መንገድ ግን ተዘግቶበት ነበር ማለት ይቻላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን እና ኤርትራውያን ይኖሩበት በነበረው በዴም ሰፈር ያለ አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ በላይ አንድ ቋንቋ በራሱ ይዞ ይመጣል፤ ያም ቋንቋ በማያ ገጹ ላይ ፈጽሞ የለም።

ንጽጽሩ «ተልእኮ» ከሚለው ቃል ይጀምራል። በፖላንድኛው ቃሉ «ዛዳኒዬ» ነው፤ አንድ ሰው ለሌላው የሚሰጠውን ሥራ ያመለክታል። የእንግሊዝኛው «ክዌስት» ከመፈለግ እና ከመጠየቅ ይነሣል። በዐረብኛ ጨዋታዎች የተለመደው «ሙሂማ» ጭንቀትን እና ሐሳብን ከሚያመለክተው ሥር የወጣ ሲሆን፣ ልብ ላይ የተጣለ ነገር የሚል ጥላ አለው። የአማርኛው «ተልእኮ» ደግሞ ለአከ ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ፣ የመልእክት እና የልኡክ ዘመድ ነው፤ ላኪ ከሌለ ተልእኮ የለም። በፖላንድኛው ሰጪው፣ በእንግሊዝኛው ፈላጊው፣ በዐረብኛው የሚያሳስበው ጉዳይ፣ በአማርኛው ላኪው ይጎላል። ጌራልት በነጭ የአትክልት መንደር ለአንዲት አሮጊት መጥበሻዋን ፈልጎ ሲያመጣላት «ሙሂማ» ትንሽ የሚከብድ፣ «ተልእኮ» ደግሞ ትንሽ የሚያሥቅ ቃል ይሆናል። ሆኖም ሥቁ ከንቱ አይደለም፤ ለአሮጊቷ መጥበሻዋ በእርግጥ የሚያሳስብ ነገር ነው፤ ጌራልትንም የላከችው እርሷ ናት። የእንግሊዝኛው ቃል ግን ፈላጊውን አጉልቶ እርሷን ከዐይን ያርቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሰዋስው ነው። የመዝገቡ ገጽ ሁለት ዓይነት ንግግር ጎን ለጎን ይይዛል። አንደኛው ተጫዋቹን የሚያዝዝ አጭር ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሁለተኛው የጌራልት ወዳጅ የሆነው አዝማሪው ዳንደላየን በኃላፊ ጊዜ የሚተርከው ነው። ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ጾታ የለውም። በዐረብኛ እና በአማርኛ ግን ለአንድ ሰው የሚነገር ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ጾታ ይለያል፤ አማርኛ ደግሞ አክብሮትን ይጨምርበታል። ተጫዋቹ ጌራልትን ሲመራ «አነጋግር» የሚለው ትእዛዝ፣ በአንዳንድ ክፍሎች ሲሪ የተባለችውን ወጣት ሲመራ «አነጋግሪ» መሆን አለበት። ይህ እንደ ዕንቅፋት ሊታይ ይችላል፤ በእውነቱ ግን ቋንቋው ጥያቄ እንዲነሣ የሚያስገድድበት ቦታ ነው። የሚታዘዘው ማን ነው? ገጸ ባሕሪው ነው ወይስ ከማያ ገጹ ፊት የተቀመጠው ሰው? እንግሊዝኛው ይህን ሳይመልስ ሊያልፍ ይችላል።

ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው «ተፈጽሟል» ላይ ሲደረስ ነው። እንግሊዝኛው ያለ አድራጊ ይቆማል። ዘመናዊው መደበኛ ዐረብኛ «ተመ» የሚለውን ግሥ ከድርጊት ስም ጋር አጣምሮ አድራጊውን ለመሰወር የተመቸ አገባብ አለው፤ የሬዲዮ እና የጋዜጣ ዘገባም አዘውትሮ ይጠቀምበታል። አማርኛ ምርጫ ይሰጣል፤ «ተፈጽሟል» ቢባል ተልእኮው ራሱ ባለቤት ይሆናል፤ «ፈጽሟል» ቢባል ጌራልት ይጠየቃል፤ «ፈጽመሃል» ቢባል ተጫዋቹ ይጠየቃል። ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ኃላፊነቱን ለማን እንደሚያስረክብ መወሰን ነው።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ እንዳልሆነ በቬለን ምድር የሚካሄደው የባሮኑ ታሪክ ያሳያል። ቬለን በጦርነት የወደመ፣ ከሠራዊት የከዱ ሰዎች የሚዘርፉት አገር ነው። ሚስቱን ሲደበድብ የኖረ አንድ ባሮን ሚስቱ እና ልጁ ጠፍተውበታል። ጌራልት ፍለጋውን ሲቀጥል በአንድ ኮረብታ ሥር የታሰረ መንፈስ ያገኛል። መንፈሱን ከፈታው ረግረጉ ላይ ያሉት ወላጅ አልባ ሕፃናት ይተርፋሉ፤ ሚስቲቱ ግን ትሞታለች፤ ባሮኑም ራሱን ይሰቅላል። ከገደለው ሕፃናቱ ይጠፋሉ፤ ሚስቲቱ አእምሮዋን ስታ ትኖራለች፤ ባሮኑም መድኃኒት ፍለጋ ይዟት ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ መዝገቡ ያንኑ ቃል ያትማል። ሕፃናቱ በሕይወት ይኑሩ ወይም ይሙቱ፣ ተልእኮው ያው ተፈጽሟል። የዳንደላየን ትረካ ልዩነቱን ይናገራል፤ የምልክቱ ዝርዝር ግን አያውቀውም። ይህ የጨዋታው ትልቁ ብርታት እና ትልቁ ድካም በአንድ ገጽ ላይ ነው። ደራሲዎቹ መልካም መውጫ የሌለው ታሪክ ጻፉ፤ መዝገቡ ግን ያንን ታሪክ ከመጥበሻው ጋር በአንድ መስመር አሰለፈው።

ሁሉን ለመፈጸም የሚነሣ ተጫዋች ሌላም ተቃርኖ ያገኛል። ጨዋታው ራሱ አንዳንድ ተልእኮዎችን በጊዜ ይገድባል። ዋናው ታሪክ ወደ ጭጋጋማዋ ደሴት ከተሻገረ በኋላ ያልተጠናቀቁ በርካታ የጎን ተልእኮዎች «ከሽፈዋል» ተብለው ይቀራሉ። ስለዚህ ሙሉ መዝገብ የሚፈልግ ሰው ዓለም ልትጠፋ ነው እየተባለ ሳይቸኩል እያንዳንዱን መንደር ማዳረስ አለበት። እዚህ ላይ ሂሳቡ ታሪኩን ያሸንፋል። በስኬሊጌ ደሴቶች ዙሪያ ባሕሩን የሞሉት የኮንትሮባንድ ሣጥኖችም ተልእኮ ባይሆኑም የዚያው ስሜት ውጤቶች ናቸው፤ የሚተረክ ነገር የላቸውም፣ የሚቆጠር ብቻ።

በእንግሊዝኛው ድምፅ የስኬሊጌ ሰዎች የአየርላንድን የሚመስል አነጋገር አላቸው፤ የቬለን ገበሬም እንደ ቤተ መንግሥት ሰው አይናገርም። በዐረብኛው ጽሑፍ ሁሉም በአንድ ፉስሓ ይናገራሉ። የካርቱም አንባቢ ገበሬውን ከመኳንንቱ የሚለየው በጆሮው እንጂ በዐይኑ አይደለም። እንዲህ ያለው ማስተካከል ለገበያ የሚመች ቢሆንም ዋጋ አለው፤ ሁሉም ሰው በአንድ አፍ ሲናገር፣ ሁሉም ተልእኮ በአንድ ቃል ሲዘጋ፣ የሰዎቹ ልዩነት ለአንባቢው ሳይደርስ ይቀራል። ወደፊት ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰውም ጎጃሜውን፣ ወሎዬውን እና የአዲስ አበባውን አነጋገር በአንድ የዜና አማርኛ ቢያጠፋ ያንኑ ይደግማል።

በሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ ከጨዋታው በፊት የጉዞ እና የፈተና ታሪክ ነበር። በሱዳን «ሁጅዋ» የሚባለው ተረት በሀቦባ፣ ማለት በአያት፣ አንደበት በማታ ይነገራል፤ ከካርቱም ዩኒቨርሲቲ መምህራን አንዱ የነበሩት አብደላ አል-ጠይብ ከእነዚህ ተረቶች ሰብስበው አሳትመዋል። የአማርኛው ተራኪ ደግሞ ተረቱን ሲያበቃ አድማጮቹ እንዲመልሱለት ይጠይቃል። ሊመለስ የሚገባው ተረት የተዘጋ መዝገብ ሳይሆን የተበደረ ነገር ነው፤ አድማጩ ባለዕዳ ይሆናል። «ተፈጸመ» የሚለው ቃልም በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ሲጻፍ የሚያበቃው ጽሕፈቱ እንጂ የመጽሐፉ ሥራ አይደለም፤ ጸሐፊው ብዙ ጊዜ አንባቢው እንዲጸልይለት ይለምናል።

ይህ ልዩነት የክልል ቋንቋዎችን ለሚያጠኑ ሰዎች ሩቅ አይደለም። የስዋዴሽ 100 ቃላት ዝርዝር ሲሞላ ቅጹ ተፈጽሟል፤ ቋንቋው ግን ገና አልተነገረም። ዝርዝሩ ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ ማን እንደተናገረው፣ ለማን እንደተናገረው፣ ምን እንደተረፈ ግን አይመሰክርም። በካርቱም ይህ ከባድ ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በከተማዋ ጦርነት ከተነሣ በኋላ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ ተቃጥሏል፤ በውስጡ የነበረው የመሐመድ ዑመር በሽር የሱዳን ጥናት ማዕከልም አብሮ ነድዷል። ብዙ ነዋሪዎች ከተማዋን ጥለው ወጥተዋል፤ ከሱዳን ከተሰደዱት አንዳንዶቹም በመተማ በኩል ወደ አማራ ክልል ተሻግረዋል። ከወጡት ሰዎች ጋር ተረቶቹም ወጥተዋል። በሰነድ የነበረው ሲቃጠል የሚቀረው በሰው አፍ ያለው ነው፤ ያም በምልክት የሚዘጋ አይደለም።

ስለዚህ ዘ ዊቸር 3 ወደ አማርኛ ቢመጣ ተርጓሚው ለመዝገቡ አንድ ቃል ብቻ ባይመርጥ ይሻላል። መጥበሻው ሲመለስ «ተፈጽሟል» ይበቃል። ባሮኑ ሲሰቀል ግን «ይህንን ፈጽመሃል» ማለት ተገቢ ነው፤ ጨዋታው በታሪኩ ለተጫዋቹ የነገረውን መዝገቡም ይነግረው ዘንድ። ዐረብኛው ትርጉም የካርቱምን አንባቢ በራሱ የጽሑፍ ቋንቋ ተቀብሎታል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አማርኛው ዘግይቶ ቢመጣም፣ ያዘገየውን ያህል፣ ያለቀውን ካላለቀው ለይቶ የመናገር ዕድል ይዞ ይመጣል።