ስለ መድኃኒት ቀማሚና ስለ ማዘዣው

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የመድኃኒት ቀማሚ ሥራ ጥንትም ዛሬም የከበረ ነው። ኪኒን መዋጥ ለማይችል ሕፃን መድኃኒቱን በሽሮፕ የሚያበጅለት፣ ማቅለሚያው ለማይስማማውም በሽተኛ ያለ ማቅለሚያ የሚቀምምለት እርሱ ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ሕግ፣ ሐኪም ስሙን ጽፎ ለላከው በሽተኛ የሚቀምመውን ሰው እንደ ፋብሪካ መድኃኒቱን አስቀድመህ አስፈቅድ አይለውም። በዚህ ነቀፌታ የለኝም።

ነቀፌታዬ በዚህ ፈቃድ ተከልሎ ስለሚነግደው ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት የነበረው ኒው ኢንግላንድ ኮምፓውንዲንግ ሴንተር፣ ለጀርባ ሕመም የሚወጋ መድኃኒት 17 ሺህ ብልቃጥ ያህል አዘጋጅቶ ወደ ብዙ ግዛቶች ላከ። መድኃኒቱ ሻጋታ ነበረበትና የማጅራት ገትር አስነሣ። ከ750 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ከ60 የሚበልጡትም ሞቱ። እነዚህ ሰዎች ወደ ሐኪም የሄዱት ጀርባቸውን አሟቸው ነበር እንጂ ለሞት የሚያደርስ ደዌ ይዟቸው አልነበረም። ቤቱ የበሽተኛ ስም ሲጎድለው በሐሰት ስም፣ የታወቁ ሰዎችን ስም እንኳ ሳይቀር፣ መድኃኒት ይልክ እንደ ነበር በኋላ በክሱ ተገልጧል።

መንግሥት አላወቀም ነበርን? የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2006 ዓ.ም. የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎለት ነበር። ነገር ግን ተቆጣጣሪው ግዛቱ ነው ወይስ ማዕከላዊው መንግሥት የሚለው ነገር ሳይለይ ዓመታት አለፉ።

በ2013 ዓ.ም. አዲስ ሕግ ወጣ። ያለ በሽተኛ ስም በብዛት የሚያዘጋጅ ቤት ተመዝግቦ፣ የፋብሪካን የንጽሕና ሥርዓት ጠብቆ፣ በማዕከላዊው መንግሥት እየተመረመረ እንዲሠራ መንገድ ከፈተ። መልካም ነው። ግን መመዝገቡ በባለቤቱ ፈቃድ ነው! ያልተመዘገበው በስም ማዘዣ ብቻ ይሥራ ተብሏል፤ በየቀኑ የሚያየውም በአብዛኛው ግዛቱ ነው። ማዘዣን በሐሰት ስም የሚሞላ ሰው ራሱን ወዶ ለመርማሪ ይሰጣል ማለት ለእኔ የዋህነት ይመስለኛል።

ቁጥጥር ከጠበቀ ትንሹ ቀማሚ ይዘጋል፣ ሕፃኑም ሽሮፑን ያጣል የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ስንት ማዘዣ ተቀብለህ ስንት ብልቃጥ ላክህ ቢባል፣ ለሕፃኑ ሽሮፕ የሚያበጀው ሰው አንድ ደብተር ገልጦ ያሳያል። ከደብተሩ ዐሥር ስም መርጦ በሽተኞቹ በእርግጥ መኖራቸውን መጠየቅም የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።